ወደ ታጠቅ የሄዱትን በደመወዝ ወረቀት መፈለግ

(ጎበሳ ላይ በተካሄደው የማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ለአባላትና ለእንግዶች የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ይህን ርዕስ እንዳቀርብ ስትጠይቀኝ አንዳንድ እህቶች «የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ጦርነት ምን ልታወራ ነው?» ብለው እንደሳቁ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ትምህርቴ የሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ነው፤ ሥራዬም የእናንተን ቁጠባና ብድር መመዝገብ ነው። ነገር ግን ላለፉት ሦስት ዓመታት ከሥራ በተረፈኝ ጊዜ በ1969 ዓ.ም. ዘምተው ያልተመለሱትን የእናቴን አባት ስፈልግ ቆይቻለሁ። በፍለጋው የደረስኩበት ነገር ደግሞ ከታሪክ ይልቅ ለሒሳብ ሙያ የቀረበ ሆኖ አገኘሁት። የዘማች ገበሬ ስም የሚገኘው ስለ ጀግንነቱ በተጻፈበት ቦታ አይደለም። ደመወዝ፣ ስንቅና ብርድ ልብስ በወጣለት ወረቀት ላይ ነው። ያንን ወረቀት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሣጥን ውስጥ ያቆየችው ሴት ናት።

የብድር ማመልከቻ ቅጻችንን ታውቁታላችሁ። የጋብቻ ሁኔታ የሚለው መስመር አራት ሣጥን አለው፤ ያላገባች፣ ያገባች፣ የፈታች፣ ባሏ የሞተባት። ቅጹን ከእናቶች ጋር ስሞላ እስክሪብቶው እዚያ መስመር ላይ ሲቆም ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ። አንዲት እናት «ልጄ፣ እኔ ከአራቱ የትኛዋ ነኝ?» ብለውኛል። ባላቸው ከዘመቱ አርባ ዓመት አልፏል። አልፈቱም፣ ሌላ አላገቡም፣ መርዶም አልመጣላቸውም። ዘምቶ ላልተመለሰ ሰው ሚስት ሣጥን የለንም። ይህን ንግግር ያመጣውም ይኸው ነገር ነው።

ወጣት ለሆናችሁ ዘመኑን ትንሽ ላስታውስ። ደርግ ሥልጣን የያዘው መስከረም 1967 ነው። በዚያው ዓመት የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ የገበሬ ማኅበራትም በየአካባቢው ተቋቋሙ። መሬቱን የሚያከፋፍለው፣ ዳኝነት የሚያየው፣ ኋላም ዘማች የሚመለምለው ይኸው ማኅበር ነበር። በ1969 በኤርትራ ጦርነቱ በረታ፤ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅም የሶማሊያ ወረራ እየቀረበ ነበር። በዚያ ዓመት ሚያዝያ የእናት ሀገር ጥሪ ተላለፈ። ከየክፍለ ሀገሩ ገበሬው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወዳለው ወደ ታጠቅ ጦር ሰፈር ተጓጓዘ፤ ጥቂት ወራት ሰልጥኖ በሰኔ ወር በአብዮት አደባባይ ተሰለፈ። ከዚያ ከፊሉ ወደ ምሥራቅ፣ ከፊሉ ወደ ሰሜን ሄደ። የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ ድል ሲገኝ ብዙ ሚስቶች «እንግዲህ ይመጣል» ብለው ቤት አጽድተዋል። ጦሩ ግን ፊቱን ወደ ኤርትራ አዞረ። ለጥቂት ወራት ነው ተብለው ከሄዱት ውስጥ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ የቆዩ ብዙ ናቸው። ሚሊሺያ ተብለው ገብተው እዚያው መደበኛ ወታደር ሆኑ።

ሌላ የዘማች ዓይነትም አለ። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ወጣ፤ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት የሚመለከት፣ ስድስት ወር ሥልጠናና ሁለት ዓመት አገልግሎት የሚያዝ ሕግ ነበር። ይህን የምለየው በምክንያት ነው። በ1969 የሄደ ሰው እና በ1975 ወይም ከዚያ በኋላ የሄደ ሰው ወረቀታቸው አንድ ቦታ አይደለም፤ አመዘጋገባቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ፍለጋ የሚጀምር ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «የት ሞተ?» መሆን የለበትም። «መቼ ነው የሄደው? ማን ነው የመዘገበው?» ብሎ መነሳት አለበት።

ማን እንደመዘገበው ስንጠይቅ ደግሞ ፈቃደኝነት የሚለው ነገር ይመጣል። በዚያን ጊዜ ጋዜጣና ሬዲዮ ሁሉም ዘማች በፈቃዱ ተነሣ ይባል ነበር። ወደው የሄዱ እንደነበሩ አልክድም። መሬት ገና በእጁ የገባ ገበሬ፣ ትናንት ጭሰኛ የነበረ ሰው፣ «ያገኘኸውን መሬት ሊቀሙህ ነው» ሲባል ይነሣል። ግን ለገበሬ ማኅበሩ ኮታ ይመጣለት ነበር፤ ኮታ ደግሞ መሞላት አለበት። የእኔ አያት እንዴት እንደሄዱ ባለቤታቸውን ስጠይቃቸው (እኔ እማማ እያልኩ ነው የምጠራቸው) እንዲህ አሉኝ፦ «በስብሰባ ላይ እጅ አውጡ ተባለ። እሱ እጁን አወጣ። ካላወጣ ሌላ ቀን ማታ እንደሚመጡ ያውቃል።» ይህ ፈቃድ ነው ወይስ ግዳጅ? እኔ በየትኛው ሣጥን ምልክት እንደማደርግ አላውቅም፤ መዝገቡ ግን «በፈቃዱ» ብሎ እንደሚጽፍ አያጠራጥርም።

በነገራችን ላይ ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በፈረንጆች 1861 ሲጀመር፣ ሁለቱም ወገን የተዋጋው በአብዛኛው የበጎ ፈቃደኛ ክፍለ ጦር በሚባሉ ጦሮች ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ፈቃደኛው አነሰና በ1863 ሰሜኑ የምልመላ ሕግ አወጣ። በዚያ ሕግ 300 ዶላር የከፈለ ወይም በእሱ ፋንታ ሌላ ሰው የላከ ይቀር ነበር። ድሃው ሄደ። የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ዘመዱን ከዝርዝር ያወጣበትን ታሪክ የምታውቁ እናቶች እዚህ መኖራችሁን አውቃለሁ፤ ስም አልጠራም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልግባ። ጦር ሠራዊት ማለት በሒሳብ ሰው ዓይን ሲታይ በየወሩ ደመወዝ የሚከፈለው፣ በየቀኑ የሚበላ፣ ጫማው የሚያልቅበት በጣም ትልቅ መሥሪያ ቤት ነው። ጓድ፣ መቶ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ብርጌድ፣ ክፍለ ጦር እያለ ወደ ላይ ይወጣል። በየደረጃው ስንት ሰው እንዳለ ሪፖርት ይደረጋል፤ ምክንያቱም ዳቦ በዚያ ቁጥር ነው የሚመጣው። ደመወዝ ሲከፈል የስም ዝርዝር ይዘጋጃል፤ ተራ ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ስም፣ ደመወዝ፣ ተቆራጭ፣ የተጣራ፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። ዕቃ ከግምጃ ቤት ሲወጣም ሰነድ አለው። የመንግሥት ንብረት ክፍል የሠራች እህት ካለች ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ስል ገብቷታል። ሰው ሲሞት፣ ሲቆስል፣ ሲከዳ ወይም ሲማረክ ከደመወዝ ዝርዝር ይወጣል። ተራ ወታደር ታሪክ ላይጻፍለት ይችላል፤ ከመክፈያ ዝርዝር ላይ ሲሠረዝ ግን አንድ ሰው የግድ ምክንያት ይጽፋል።

እነዚህ መዛግብት ጨርሰው አልጠፉም። የታሪክ ምሁሩ ፋንታሁን አየለ በፈረንጆች 2014 ስለ ኢትዮጵያ ሠራዊት ከድል እስከ ውድቀት የጻፉትን መጽሐፍ ያዘጋጁት የመከላከያ ሚኒስቴርን መዛግብት እየመረመሩ ነው። ከሳቸው በፊት ገብሩ ታረቀም እንዲሁ ስለ አፋቤትና ስለ ሽሬ ውጊያ በመዛግብት ላይ ተመሥርተው ጽፈዋል። ሁለቱም በእንግሊዝኛ ስለሆኑ ወደ እኛ አልደረሱም። እኔ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ የተወሰነ ክፍል አንብቤያለሁ። ሥራቸው ትልቅ ነው። ያም ሆኖ የነሱ ጥያቄ ጦሩ ለምን ተሸነፈ የሚል ነው። የእኔ እማማ ጥያቄ «እሱ የት ደረሰ?» የሚል ነው። ለአንዱ የሚሆነው መዝገብ ለሌላው ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ፍለጋውን ከአዲስ አበባ አልጀመርኩም። ከእማማ ሣጥን ጀመርኩ።

ሣጥኑ ውስጥ አንድ ፎቶ፣ ሁለት ደብዳቤና በክር የታሰረ የወረቀት ጥቅል ነበር። ፎቶው ጀርባ ላይ የአሥመራ ፎቶ ቤት ማኅተም አለው። ሁሉም ሰው፣ እናቴም ጭምር፣ ዓይኑ ደብዳቤዎቹ ላይ ነው። ደብዳቤዎቹ ግን ስለ ጤና ጠይቀው፣ ለአሥራ ስድስት ሰው ሰላምታ አቅርበው፣ በሬው እንዳይሸጥ አሳስበው ያልቃሉ። ያን ጊዜ ደብዳቤ ስለሚነበብ ያሉበትን አልጻፉም። ጥቅሉ የተቆራጭ ደረሰኝ ነው። ዘማች ከደመወዙ ለቤተሰቡ የሚያስቆርጠውን ገንዘብ እማማ በእግራቸው እየሄዱ ሲቀበሉ የተሰጣቸው። «ይሄ ምን ያደርግልሻል? ገንዘቡ ድሮ አልቋል» አሉኝ። እኔ ደግሞ ከደብዳቤው ይልቅ እሱ ላይ አፈጠጥኩ።

ደረሰኞቹን በቀን ቅደም ተከተል ደረደርኳቸው። ከ1972 ይጀምራሉ። በእያንዳንዱ ላይ ስም፣ የመለያ ቁጥር፣ የብርጌዱ ቁጥር፣ የክፍያው ወርና የተከፈለበት ቀን አለ። በደብዳቤ ያልተነገረው ሁሉ እዚያ አለ፤ በ1976 ብርጌዳቸው ተቀይሯል፤ ማዕረጋቸው አንድ ጊዜ ጨምሯል፤ ተቆራጩም በ5 ብር አድጓል። እማማ የማዕረጉን ነገር ያን ቀን ነው የሰሙት። ትንሽ ዝም ብለው «አልነገረኝም እኮ» አሉ።

ሒሳብ የምታውቅ ሴት መጀመሪያ የምታየው ክፍተትን ነው። በ1974 ለአራት ወር ደረሰኝ የለም። ያ ዓመት የቀይ ኮከብ ዘመቻ ዓመት ነው፤ ናቅፋ ዙሪያ ከባድ ውጊያ የነበረበት። ደሜ ቀዘቀዘ። ነገር ግን በአምስተኛው ወር የአራቱም ወር ውዝፍ በአንድ ደረሰኝ ተከፍሏል። መዝገቡ ዘግይቶ ነበር እንጂ ሰውዬው በሕይወት ነበሩ። ሁለተኛው ክፍተት የሚጀምረው ከመጋቢት 1980 ነው። የየካቲት ክፍያ አለ። የመጋቢት የለም። የሚያዝያም የለም። ውዝፍም አልመጣም። ጥቅሉ እዚያ ያልቃል።

መጋቢት 1980 አፋቤት የወደቀችበት ወር ነው። ከመጋቢት 8 እስከ 11 ባሉት ቀናት ናደው ዕዝ የተባለው ትልቁ ጦር ፈረሰ። ከአፋቤት ወደ ኋላ የሚያፈገፍገው የተሽከርካሪ ሰልፍ አድ ሽሩም በሚባለው ጠባብ ማለፊያ ላይ ተዘጋ። በዚያ ብዙ ሺህ ሰው ሞተ፣ ተማረከ፣ ተበተነ። የሻዕቢያ ጦርም ብዙ ሰው ወደቀበት፤ የዚያ ወገን እናቶችም እስከ ዛሬ የሚጠይቁት ነገር አላቸው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተቆራጭ መቆሙ ሞትን አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው ክፍሉ ሰውየውን በእጁ አድርጎ መቁጠር ማቆሙን ብቻ ነው። ተማርኮ ሊሆን ይችላል። ተበትኖ ሱዳን ገብቶ ሊሆን ይችላል። የብርጌዱ የሒሳብ ሹም ራሱ ከነመዝገቡ አልተመለሰ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚሠርዝም የሚከፍልም የለም። ስለዚህ ለእማማ «ሞተዋል» አላልኳቸውም። «እስከ የካቲት መጨረሻ በሕይወት እንደነበሩ ወረቀት አለን» ነው ያልኳቸው። ከዚያ በፊት ቤተሰቡ የሚያውቀው የመጨረሻ ነገር በ1974 የመጣው ደብዳቤ ነበር። ስድስት ዓመት ጨመርንላቸው።

የብርጌዱን ቁጥር ይዤ አሰላ ሄድኩ። የድሮ ወታደሮች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ አንዱን ስትጠይቂ ወደ ሌላው ይመራሻል። ከሦስት ወር መመላለስ በኋላ እዚያው ብርጌድ ውስጥ የነበሩ አንድ ጋሼ አገኘሁ። ፎቶውን ሳሳያቸው ስማቸውን ሳልነግራቸው በቅጽል ስማቸው ጠሯቸው፤ ያንን ቅጽል ስም ቤት ውስጥ ማንም አያውቀውም ነበር። ውጊያው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን እንዳዩዋቸው ነገሩኝ፤ ቆስለው ሳይሆን ውኃ ተሸክመው። ከዚያ ወዲያ አላዩዋቸውም። እሳቸው ራሳቸው ተማርከው ዓመታት ቆይተዋል። ይህንን ሁሉ ጻፍኩ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናገሩትን ቃል እንዳለ። አነበብኩላቸውና ፈረሙ። እንዲህ ያለው የምስክር ወረቀት ዛሬ ካልተጻፈ የዛሬ አምስት ዓመት አይጻፍም፤ በ1969 ሃያ ዓመት የነበረ ሰው ስንት ዓመት እንደሆነው አስሉት።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የጠፋ ሰው የማፈላለግ አገልግሎት እንዳለው ብዙዎቻችሁ አታውቁ ይሆናል። ከዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር የሚሠራ ነው፤ ገንዘብ አያስከፍልም። በ1980 ኢትዮጵያና ሶማሊያ ከተስማሙ በኋላ ከሦስት ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ምርኮኞች አሥር ዓመት ከቆዩበት ከሶማሊያ የተመለሱት በዓለም አቀፉ ኮሚቴ አማካይነት ነው። ስለዚህ ዘመዳችሁ ወደ ምሥራቅ የዘመተ ከሆነ እዚያ መጠየቅ ትርጉም አለው። ወደ ሰሜን ለሄደ ሰው ነገሩ ይከብዳል፤ የዓለም አቀፉ ኮሚቴ እዚያ የነበሩ ምርኮኞችን የማየት ዕድሉ በጣም ጠባብ ነበር።

ግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበተነ። ለዚህም የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር አካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ተመላሹ ካምፕ ገብቶ ይመዘገብና ወረቀት ይዞ ወደ ቀዬው ይላክ ነበር፤ ወደ ገጠር የተመለሰው እህልና የእርሻ መሣሪያም ያገኝ ነበር። ያም ወረቀት፣ ልብ በሉ፣ የዕርዳታ ወረቀት ነው። የተመለሰ ሰው ካላችሁ የሰጡትን ካርድ አትጣሉ። እሱ ለሌሎች ያልተመለሱ ምስክር የሚሆነው በዚያ ካርድ ነው።

ቢሮ ስለመጠየቅም አንድ ነገር ልበል። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ «አያትሽን አላውቅም፤ ፋይል የለም» ብሎ በአንድ ደቂቃ ሸኝቶኛል። በሌላ ጊዜ ስሄድ ስም አልጠራሁም። የመለያ ቁጥር፣ የብርጌድ ቁጥር፣ የመጨረሻ ክፍያ ወርና ዓመት በአንድ ገጽ ጽፌ፣ የደረሰኝ ኮፒ አያይዤ በደብዳቤ አስገባሁ፤ የገቢ ቁጥርም ተቀበልኩ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ለታሪክ ጊዜ የለውም፤ ቁጥር ስትሰጪው ግን ያውቅበታል። ደብዳቤዬ አሁንም መልስ እየጠበቀ ነው።

የስም ጉዳይ ደግሞ ብቻውን ግማሽ ቀን ያናግራል። በእኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም፤ የአባትና የአያት ስም ካልተጨመረ አንድ ብርጌድ ውስጥ ስንት ከበደ፣ ስንት ሁሴን እንደሚኖር ገምቱ። ጸሐፊው በሰማው ይጽፋል። ሁሴን በሀ ሁ፣ በሐ ሑ፣ አንዳንዴም ኡሴን ተብሎ ይገኛል፤ ኃይሉ በሦስቱም ሀ ይጻፋል፤ ዝርዝሩ በፊደል ተራ ከሆነ ደግሞ ሦስቱ ሦስት ቦታ ናቸው። የአርሲ ኦሮሞ ስም የማያውቅ ጸሐፊ ታጠቅ ላይ ቆሞ ሲጽፍ ምን እንደሚያወጣ አስቡት። በቁቤ የተጻፈ የዛሬ መታወቂያ ይዛችሁ የ1969 ዝርዝር ብትፈልጉ አትገናኙም። ስለዚህ ስሙን ሊጻፍ በሚችልበት መንገድ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉት። የቦታ ስምም እንደዚያው ነው። አሁን ዞን የምንለው ያኔ ክፍለ ሀገር ነበር፤ አርሲም ጭላሎ፣ ጢቾና አርባ ጉጉ በሚባሉ አውራጃዎች ይከፈል ነበር። አውራጃውን ያልጠቀሰ ማመልከቻ የድሮ መዝገብ ውስጥ አይገባም። ዓመተ ምሕረትም አለ፤ ከውጭ በሚመጣ ወረቀት ላይ 1980 የሚል ካያችሁ የእኛ 1972 ወይም 1973 ነው እንጂ የአፋቤት ዓመት አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ ሕጉ፣ እሱም ወደ መሬትና ወደ ቤት የሚያደርሰው ነው። በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው ከጠፋና ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ የመጥፋት ውሳኔ መጠየቅ ይችላል። ሁለት ዓመት! እማማ ሠላሳ ስድስት ዓመት ጠብቀዋል። የይዞታ ደብተሩ፣ የልጆቹ ውርስ፣ የብድር ዋስትናው፣ ሁሉም በዚህ ላይ ይንጠለጠላል። እናቴ «ፍርድ ቤት እንሂድ» ስትል እማማ ለዓመታት እንቢ ብለው ኖረዋል። ተዝካርም አላወጡም። ተዝካር ማውጣት መግደል ነው ይላሉ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በሰደቃው ላይ የሚሉት ይኸንኑ ነው።

እኔ ሕጉን አንብቤ አንድ ነገር ነገርኳቸው። ይህ ውሳኔ «ጠፍቷል» ይላል እንጂ «ሞቷል» አይልም። ሁለቱ ቃላት በሕጉ የተለያዩ ናቸው። ደግመው አስነበቡኝ። «ጠፍቷል ማለት እውነት ነው፤ እሱን እፈርማለሁ» አሉ። ሙሉውን መንገር ስላለብኝ የቤተሰብ ሕጉ ፍርድ ቤት የመጥፋት ውሳኔ ሲሰጥ ጋብቻ ይፈርሳል እንደሚልም ነገርኳቸው። ሳቁ። «የቆረብኩትን ዳኛ አያፈርሰውም» አሉኝ። ማመልከቻው ባለፈው ወር ገብቷል። ከማመልከቻው ጋር ያያያዝነው የተቆራጭ ደረሰኞቹን በቀን የደረደርኩበትን ሠንጠረዥ፣ የጋሼን የምስክር ቃልና የጎረቤት ምስክሮችን ነው።

ጋብቻቸውን የሚያሳይ ወረቀት ግን አልነበረንም። በአገራችን የጋብቻና የልደት ምዝገባ በየቀበሌው የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው፤ በ1950ዎቹ ያገባ ገበሬ ከየት ያመጣል? ይህንንም ስፈልግ ነው የአሜሪካኖቹን ሚስቶች ያገኘኋቸው። በዚያ ጦርነት ባሏ የሞተባት የተራ ወታደር ሚስት በ1862 በወጣው ሕግ በወር 8 ዶላር ጡረታ ይሰጣት ነበር፤ ግን ሚስት መሆኗን ማስረዳት አለባት። ሴቶቹ የባላቸውን ደብዳቤ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ላይ የተገነጠለ የልደት ገጽ፣ የጎረቤት ቃል አያያዙ። በባርነት የነበሩት ጥቁር ሴቶች ጋብቻቸው በሕግ ስላልተመዘገበ ወረቀት አልነበራቸውም፤ በ1864 የወጣ ሕግ በምስክር እንዲያስረዱ ፈቀደላቸው። ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ስለ ተራ ወታደር ኑሮ ብዙ የሚገኘው ከእነዚህ ሴቶች የጡረታ ፋይል ነው። ጄኔራሎቹ ትዝታቸውን ጽፈዋል። የገበሬውን ወታደር ታሪክ ያቆየችው ስምንት ዶላር ለመቀበል ወረቀት ያሟላች ሚስቱ ናት። ይህን ሳነብ የእማማ በክር የታሰረ ጥቅል ፊቴ መጣ።

እንግዶቻችንን ይቅርታ ጠይቄ ለአባላት ብቻ ልናገር። ሥራ አመራሩ ይህን ፈቅዷል፤ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በቢሮአችን አንድ መዝገብ ይከፈታል። ለእያንዳንዱ ዘማች አንድ ገጽ፤ ስም እስከ አያት፣ የሄደበት ዓመት፣ የገበሬ ማኅበሩ ስም፣ ሚሊሺያ ወይስ ብሔራዊ ውትድርና፣ የመለያና የክፍል ቁጥር ካለ፣ የመጨረሻ ወሬ የተሰማበት ቀንና ከማን እንደተሰማ። ወሬና ወረቀት በተለያየ አምድ ይጻፋሉ፤ ይህን አጥብቄ እይዛለሁ። የየትኛው ወገን ወታደር ነበር ብዬ አልጠይቅም። ልጃቸው ወደ ጫካ የሄደባቸው እናትም ገጽ አላቸው። ባለፉት ዓመታት በሰሜኑ ጦርነት ልጅ የሄደባችሁም ኑ፤ የእናንተን የሚለየው ወረቀቱ ገና ትኩስ መሆኑ ነው። የባንክ ደብተሩን፣ የላከበትን የሐዋላ መልእክት፣ የደወለበትን ቁጥር ዛሬ ጻፉት፤ ስልክ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል።

በብድር ቅጹ ላይም አምስተኛ ሣጥን ተጨምሯል፤ «ባሏ ዘምቶ ያልተመለሰ» ይላል።

ለጋሾቻችን የሰጡን የፎቶ ኮፒ ማሽን ለዚህ ሥራ ይውላል፤ ቀለሙን ከአስተዳደር ወጪ ሸፍነነዋል። ማክሰኞና አርብ ከሰዓት በኋላ ኑ። ወረቀቱን በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ፣ ሳታጥፉ፣ በስኮች ሳትለጥፉ አምጡ። ስኮች ቀለም ይበላል። ፊታችሁ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ኦሪጅናሉን እዚያው እመልሳለሁ፤ ማንም ሰው፣ የመንግሥት ሠራተኛም ቢሆን፣ ኦሪጅናል ስጡኝ ቢላችሁ ኮፒውን ስጡ። ማንበብ የማትችሉ እናቶች ወረቀቱ ምን እንደሆነ ባታውቁም አምጡት፤ አብረን እናያለን።